ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም

ባለፈው ሰሞን ደብረ ብርሃን ላይ ባጃጅ እየጠበቅኩ ነው። አጠገቤ ሁለት ሰዎች ስለ ውሃ ያወራሉ። ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። «ሄደን ጠየቅን እኮ፤ ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» አለ አንደኛው። ጓደኛው ራሱን ነቀነቀ። እኔን ግን ቆረቆረኝ። ቄሱ ኃላፊው ይሁን እሺ። መጽሐፉስ ማን ነው? ቆጣሪው?

ተረቱ ዝምታን ብቻ ሊነግረን ቢፈልግ ኖሮ አንድ «ዝም» ይበቃው ነበር። ሁለት ያደረገው በምክንያት ነው። ይህ የገባኝ ደግሞ መንዝ፣ አያቶቼ ቤት ነው።

አባባ ቄስ አልነበሩም፤ ዳዊት ግን ይደግሙ ነበር። ዳዊታቸው የብራና ነው፣ ጽሕፈቱ ጥቁር፣ አርእስቱ ቀይ። በቆዳ ማኅደሩ ሆኖ ምሰሶው ላይ ይንጠለጠላል። የመንዝን ብርድ ታውቁታላችሁ። እሳቸው ሳይነጋ ተነስተው፣ ባናቸውን ተከናንበው፣ ጧፍ ለኩሰው ያወርዱታል። መዝሙሩ 150 ነው፤ በየ10ሩ ተከፍሎ 15 «ንጉሥ» ይሆናል። ለየቀኑ ድርሻ ድርሻ አለው። ሰኞ ጠዋት «ብፁዕ ብእሲ ዘኢሖረ በምክረ ረሲዓን» ተብሎ ይጀመራል። እማማ ቀን የሚቆጥሩት በዚህ ነበር። «ብፁዕ ብእሲ» ከተባለ ሰኞ ነው፤ ሌላ መቁጠሪያ አያስፈልጋቸውም።

አንድ ክረምት አባባ ታመሙ። ዳዊቱ ከምሰሶው ሳይወርድ ሰነበተ። እኔ ያኔ የኔታ ዘንድ ገና ውርድ ንባብ በሚባለው የንባብ ትምህርት ደረጃ ላይ ነኝ። አንድ ማለዳ እማማ ቀሰቀሱኝ። «ተነሥ። ዳዊቱ አኩርፏል፤ አውርደህ አናግረው» አሉኝ። እንቅልፌን እያሻሸሁ ጀመርኩ። እማማ ፊደል አይለዩም። ግን ድምፁ መውደቅ ያለበትን ቃል፣ ወዳቂውን፣ ተነሽ አድርጌ ባነበብኩ ቁጥር ከምድጃው ዳር ሆነው «እንዲያ አይልም!» ይሉኛል። ግዕዙ ምን እንደሚል ብትጠይቋቸው አይነግሯችሁም። ድምፁን ግን ከትዳራቸው ጀምሮ በየማለዳው ሰምተውታል። አባባ ከመደቡ ላይ ሆነው ይስቁብኝ ነበር፤ ሳቁ ሳል እስኪሆንባቸው።

እዚያ አገር መጽሐፍ የሚታወቀው በጆሮ ነው። የሚናገረውም በሰው አፍ ነው። ለዚህ ነው ተረቱ ቄሱን ያስቀደመው። ቄሱ አፉን ሲዘጋ መጽሐፉም አብሮ ይዘጋል። ቃሉ ግን የትም አልሄደም፤ ማኅደሩ ውስጥ ተጽፎ ተቀምጧል። ተረቱ የሚያማው ይህን ነው፦ መልሱ እያለ፣ የማውጣት ኃላፊነት ያለበት ሰው ዝም ማለቱን።

አነሳሱን በተመለከተ የራሴ ግምት አለኝ። ማስረጃ አትጠይቁኝ። እኔ የምለው ነገሩ የመጣው ከጾም አዋጅ ነው። ዐቢይ ጾም ሁልጊዜ ሰኞ ይገባል፤ ቀኑ ግን በየዓመቱ ይለዋወጣል። ቢፈጥን የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ነው። ይህን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማውጫው ስሌት ነው፣ ባሕረ ሐሳብን ደግሞ የሚያውቁት ካህናቱ ናቸው። መስከረም 1 ቀን በቤተ ክርስቲያን ይነገራል። ገበሬው እስከ የካቲት ድረስ አጨዳና ውቂያ ውስጥ ገብቶ ይረሳዋል። ስለዚህ ጾሙ ሲቃረብ ጆሮው ቄሱ ላይ ነው። ሙክቱ መቼ ይታረድ? ቅቤው መቼ ይለቅ? ቅበላ አንዴ ካመለጠ እስከ ፋሲካ 55 ቀን ነው!

እንግዲህ አንድ ዓመት፣ አንድ ደብር፣ ቄሱ መናገሩን ዘነጉት እንበል። ምእመኑ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላም ቆሞ ይጠብቃል። የጎረቤት ደብር ሰው ጾም ገብቷል፣ እዚህ ቤት ዶሮ ወጥ ይሸታል። ያን ጊዜ አንዲት ባልቴት፣ እንደ እማማ ያለች፣ «ቄሱም ዝም፣ መጽሐፉም ዝም» ትላለች። እኔ እንዲህ አድርጌ ነው የማየው። የተሻለ ያለው ያምጣ።

ዛሬ ላይ ግን ነገሩ ተቀይሯል። መጽሐፍ ቅዱስ በአማርኛ ታትሟል፤ የ1954ቱ ዕትም ያልገባበት ቤት ስንት ነው? አሁንማ ስልካችን ውስጥ ገብቷል፣ የሚያነብልንም አለ። የእማማ ጆሮ አይኑረን እንጂ አፍ አልጠፋም። ሆኖም ስለ ጾሙም፣ ስለ ጸሎቱም፣ ከጎረቤት ጋር ስለ መኳረፉም «ቄሱም ዝም» ብለን ቄሱን እናማለን። ማኅደሩን የሚፈታ እጅ እኮ አሁን የራሳችን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ብሶ፣ የኳስ ዝውውር ሲዘገይ ይህንኑ ይጽፋል። አሠልጣኙን ቅስና የሰጠው ማን ነው?

ለውሃው «እስካሁን ወሬ የለም» ማለት ይበቃል።