ጋባራ ምንድን ነው?

ጋባራ ጀልባ ናት። ሞተር የላትም፣ ሸራም የላትም፤ ሆዷ ጠፍጣፋ፣ ወለሏ ሰፊ ሆኖ ሌላ ጀልባ እየጎተተ ይወስዳታል። በሰሜን ስፔን፣ በባስኮች ምድር፣ ቢልባኦን ሰንጥቆ ወደ ባሕር በሚወርደው የነርቪዮን ወንዝ ላይ ጭነት ሲያመላልሱ የኖሩት ጀልባዎች እንዲህ ያሉ ነበሩ። ከእነዚህ አንዷ የአትሌቲክ ክለብን አርማ ከለበሰች ወዲህ ግን ስሙ የእርሷ ብቻ እስኪመስል ድረስ ከእግር ኳስ ጋር ተጣብቋል። ክለቡን እኛ አትሌቲክ ቢልባኦ እያልን እንጠራዋለን። ደጋፊዎቹ የውድድር ዘመኑን ተስፋ በአንድ ጥያቄ ይለኩታል፦ ዘንድሮ ጋባራ ትወጣ ይሆን?

ሌሎች ክለቦች ዋንጫ ሲያነሱ ጣሪያው በተከፈተ አውቶብስ ከተማውን ይዞራሉ። ቢልባኦ ቡድኗን በውኃ ላይ ትቀበላለች። ከስፔን ውድድሮች ይህ የሚሆነው ለሊጉ ወይም ለንጉሡ ዋንጫ፣ ማለትም ለኮፓ ዴል ሬይ ሲሆን ነው። አትሌቲክ በ2015 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) የስፔን ሱፐር ካፕን ከባርሴሎና ነጥቋል፤ በጥር 2021 ደግሞ ያንኑ ዋንጫ ባርሴሎናን 3 ለ 2 አሸንፎ ወስዷል። ሁለቱም ጊዜ ጋባራ ካለችበት አልተነሳችም። ይህ ጥብቅነት ደስ ይለኛል፤ ለሁሉም ዋንጫ ብትወጣ ኖሮ ማንም አይናፍቃትም ነበር።

የመጀመሪያው ጉዞ በ1983 ነበር። በሊጉ የመጨረሻ ቀን ሪያል ማድሪድ በቫሌንሲያ ሲሸነፍ፣ በሃቪየር ክሌሜንቴ የሚሠለጥነው አትሌቲክ ወደ ላስ ፓልማስ ተጉዞ ባለሜዳውን 5 ለ 1 ረትቶ ሻምፒዮን ሆነ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ውስጥ ነርቪዮን ሞልቶ የቢልባኦን አሮጌ ሰፈር አጥለቀለቀው። ዘመኑ የብረትና የመርከብ ሥራው የሚንኮታኮትበት፣ ሠራተኛው ከየፋብሪካው የሚበተንበት ጊዜ ነበር። በቀጣዩ የውድድር ዘመን ማብቂያ አትሌቲክ ሊጉን በወሰደ በስድስተኛው ቀን የንጉሡን ዋንጫ ደገመው፤ የፍጻሜው ተጋጣሚ ማራዶና ያለበት ባርሴሎና ነበር፣ ብቸኛዋን ግብ ኤንዲካ አስቆጠረ። በ1984 ጋባራ ሁለት ዋንጫ ጭና ወጣች፤ ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት አልተንቀሳቀሰችም።

አርባ ዓመት ለምን? አትሌቲክ የሚያሰልፈው በባስክ ምድር የተወለዱትን ወይም ኳስን እዚያ የተማሩትን ብቻ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የጸና ልማድ ነው። ሌላው ክለብ ብራዚልና አርጀንቲና ድረስ ሄዶ ሲገዛ፣ አትሌቲክ ሌሳማ በሚባለው ማሠልጠኛው ያፈራቸውንና ከአካባቢው ክለቦች ያገኛቸውን ይዞ ይጋጠማል። እንዲህም ሆኖ ከአንደኛ ዲቪዚዮን ወርዶ አያውቅም፤ በዚህ የሚስተካከሉት ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና ብቻ ናቸው። ዋንጫው ግን ራቀ። በ1985 በፍጻሜ ተሸነፈ። በ2009፣ በ2012 እና በ2015 በፍጻሜ ሦስቴ ባርሴሎና መለሰው። በሚያዝያ 2021 ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ከዓመት በፊት የቀረው ፍጻሜና የዓመቱ ፍጻሜ በሁለት ሳምንት ልዩነት ተደረጉ፤ አትሌቲክ የመጀመሪያውን በጎረቤቱ ሪያል ሶሲዬዳድ፣ ሁለተኛውን በባርሴሎና ተነጠቀ። ተመልካች በሌለበት ሜዳ የተደረጉ ጨዋታዎች ስለነበሩ ደጋፊው ሐዘኑን እንኳ አብሮ ሊያዝን አልቻለም።

ስለዚህ የ2023–24 የውድድር ዘመን ሲመጣ ማንም አፉን ሞልቶ አልተናገረም። በኤርኔስቶ ቫልቬርዴ የሚመራው ቡድን በኮፓው ትንንሾቹን አልፎ ጥር ላይ ሩብ ፍጻሜ ደረሰ፤ በገዛ ሜዳው በሳን ማሜስ የሚጠብቀው ባርሴሎና ነበር። ኢኛኪ ዊሊያምስ ከጋና ጋር ለአፍሪካ ዋንጫ ሄዶ ከኮትዲቯር ገና መመለሱ ነው። ተቀይሮ ገባ፤ በተጨማሪው ሰዓት አገባ፤ ወንድሙ ኒኮ አራተኛውን ጨመረና ጨዋታው 4 ለ 2 አለቀ። የሁለቱ ወላጆች ከጋና ተነስተው የሰሐራን በረሃ ተሻግረው ስፔን የገቡ ሰዎች ናቸው። ያንን በረሃ ልጆቹ የተሻገሩበት ቤተሰብ በእኛም አገር ጥቂት ስላልሆነ፣ ኢኛኪ ሲያገባ ደስታው ከሜዳው አልፎ ይሰማኛል።

በግማሽ ፍጻሜ አትሌቲኮ ማድሪድ በደርሶ መልስ 4 ለ 0 ተሸኘ። ሚያዝያ 6 ቀን 2024 በፍጻሜው በሴቪያ ላ ካርቱሃ ስታዲየም ማዮርካ በዳኒ ሮድሪጌዝ ግብ ቀደመ፤ ከዕረፍት መልስ ኦይሃን ሳንሴት አቻ አደረገ፤ 120 ደቂቃው 1 ለ 1 ተጠናቀቀ። በመለያ ምቱ ግብ ጠባቂው አጊሬዛባላ አንዱን አዳነ፤ ሌላው ከአግዳሚው በላይ ወጣ። አራተኛውን ሊመታ የሄደው አሌክስ ቤሬንጌር ነበር። መታ፤ ገባ፤ 24ኛው የንጉሥ ዋንጫ ሆነ። ቡድኑ በዚያው ዘመን ሊጉን በአምስተኛነት ጨረሰ። ለሌላ ትልቅ ክለብ አምስተኛ መሆን አሠልጣኝ የሚያስባርር ውጤት ነው፤ ቢልባኦ ውስጥ ግን የዚያን ዓመት ደረጃ ማን ያስታውሰዋል?

ከአምስት ቀን በኋላ ጋባራ ወጣች። ከባሕሩ አፍ ተነስታ ወንዙን ሽቅብ ወደ ከተማው ማዘጋጃ ቤት ስትጎተት፣ በግራና በቀኝ ትንንሽ ጀልባዎች አጅበዋት ነበር። 350 ሺህ ገደማ ነዋሪ ባላት ከተማ ዳርቻውን የሞላው ሕዝብ አንድ ሚሊዮን ገደማ ተገመተ። በ1984 በአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ ያያት ልጅ አሁን የራሱን ልጅ፣ ምናልባትም የልጅ ልጁን፣ ተሸክሞ ቆሟል። ተጫዋቾቹም ይህችን ቀን ሳያዩ ላለፉት ደጋፊዎች መታሰቢያ ቀይና ነጭ የአበባ ቅጠል ውኃው ላይ በተኑ፤ ማሊያው ቀይና ነጭ ነውና። በአራት የኮፓ ፍጻሜ ሽንፈት ውስጥ ያለፈው አምበሉ ኢከር ሙኒያይን ያንን ጉዞ አይቶ በዚያው ክረምት ክለቡን ተሰናበተ።

ዛሬ ጋባራ በወንዙ ዳር ባለው የባሕር ሙዚየም ተቀምጣለች። በ2025 የዩሮፓ ሊግ ፍጻሜ በዚያው በሳን ማሜስ እንዲደረግ ተወስኖ ስለነበር ከተማው እንደገና አይኑን ወደ ውኃው ጣለ። አትሌቲክ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በማንችስተር ዩናይትድ በደርሶ መልስ 7 ለ 1 ወደቀ። በሊጉ አራተኛ ሆኖ ለቻምፒየንስ ሊግ አለፈ። ፍጻሜውን በሳን ማሜስ ቶተንሃም አሸነፈ፤ ጋባራም ከሙዚየሙ ደጃፍ አልተነሳችም።