ኮማንቼና ዋዩ፦ አንዱ መሬቱን፣ ሌላው ውሃውን ያጡ ሁለት ሕዝቦች

ኮማንቼዎች የሚኖሩት አሜሪካ ውስጥ፣ በኦክላሆማ ግዛት ደቡብ ምዕራብ፣ በላውተን ከተማ ዙሪያ ነው። ዋዩዎች ደግሞ የኮሎምቢያ ነባር ሕዝብ ናቸው። አገራቸው ላ ጓሂራ ይባላል፤ ወደ ካሪቢያን ባሕር የገባ ደረቅና ነፋሻ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ብዙዎቹ ዘመዶቻቸው ከድንበሩ ወዲያ ቬኔዙዌላ ውስጥ አሉ። በ2018 ቆጠራ በኮሎምቢያ በኩል ያሉት ብቻ 380 ሺህ ደርሰዋል። በአገሪቱ ካሉት ከመቶ በላይ ነባር ሕዝቦች በቁጥር አንደኛ ናቸው ማለት ነው። በኮማንቼ ብሔር አባልነት የተመዘገቡት ደግሞ 17 ሺህ ገደማ ናቸው። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በገቢ ብቻ ከለካናቸው ነገሩ አያከራክርም። ኮማንቼው የተሻለ ይኖራል። መሬት፣ ቋንቋና የዘመድ ሕግ ሲጨመር ግን መልሱ ይለወጣል። ለዚህ ነው ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ደስ የሚለኝ። አንዱ ያጣውን ሌላው ይዞታል፤ አንዱ የያዘውንም ሌላው ይፈልገዋል።

ከስፔኖች ያገኙት ከብት

ኮማንቼዎች ከሾሾኒ ሕዝብ የተገነጠሉ ናቸው። በ1600ዎቹ መጨረሻ ስፔኖች ያመጡትን ፈረስ አገኙ። ከዛሬዋ ዋዮሚንግ አካባቢም ወደ ደቡብ ወረዱ። ስፔኖች ኒው ሜክሲኮ ላይ ስማቸውን መጀመሪያ የመዘገቡት በ1706 ነው። ብዙም ሳይቆይ ከአርካንሳስ ወንዝ እስከ መካከለኛው ቴክሳስ የተዘረጋውን ሜዳ ያዙ። ጎሽ ያድናሉ፤ ፈረስ ያረባሉ፤ ይዘርፋሉ፤ ይነግዳሉ። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ታኦስ ላይ በሚቆመው ገበያ ቆዳና ፈረስ፣ የማረኩትን ሰው ሳይቀር፣ አምጥተው በቆሎ፣ ብረትና ጨርቅ ይወስዱ ነበር። ይህን ማለስለስ ተገቢ አይመስለኝም። በምርኮኛ መነገድ ከኢኮኖሚያቸው ምሰሶዎች አንዱ ነበር። የኒው ሜክሲኮው ገዥ ሁዋን ባውቲስታ ዴ አንሳ በ1786 ከኮማንቼው መሪ ከኤኩዌራካፓ ጋር ሰላም አወረደ። የሰላሙ ዋጋ ስጦታና ንግድ ነበር።

የዋዩዎቹም ታሪክ በጣም ይመሳሰላል። እነሱም ፍየል፣ በግ፣ ከብትና ፈረስ ያገኙት ከስፔኖች ነው። ጠመንጃውን ደግሞ በባሕር ከመጡ የደችና የእንግሊዝ ነጋዴዎች በኮንትሮባንድ ይገዙ ነበር። በ1769 በስፔን ላይ በጅምላ አመፁ። ስፔን እስክትወጣም ድረስ ሙሉ በሙሉ ሳይገብሩ ቆዩ። ለዋዩ ቤተሰብ ከብት ዛሬም ከሥጋና ከወተት በላይ ነው። ጥሎሽ በከብት ይሰጣል፤ የደም ካሳም በከብት ይከፈላል። ሰው ሲሞት ለቀስተኛው የሚበላው የቤተሰቡን እንስሳ ነው። የአንድ ቤተሰብ ክብር በቀብሩ ላይ በሚታረደው ብዛት ይታያል።

የኮማንቼው መሬት እንዴት አለቀ

የኮማንቼዎች ውድቀት በአንድ ቀን አልመጣም። በ1780ና 1781 ፈንጣጣ ገባባቸው፤ በ1849 ኮሌራ ተከተለ። ከዚያ ነጭ አዳኞች ጎሹን ለቆዳው ብለው ጨረሱት። በ1867 በሜዲሲን ሎጅ ውል ከኪዮዋና ከኪዮዋ አፓቼ ጋር ወደ 1.2 ሚሊዮን ሄክታር የሚሆን ክልል ተሰጣቸው። ቀድሞ ከያዙት አገር ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው። ብዙዎቹም ሜዳውን ለቀው አልገቡም።

ወሳኙ ነገር የሆነው በመስከረም 1874 ነው። ኮሎኔል ራናልድ ማኬንዚ በቴክሳስ በፓሎ ዱሮ ሸለቆ የክረምት ሰፈራቸውን መታ። የሞተው ሰው ጥቂት ነበር። ወታደሮቹ ግን የማረኩትን ከአንድ ሺህ በላይ ፈረስ ተኩሰው ገደሉ። ፈረስ ሀብቱም፣ መጓጓዣውም፣ መሣሪያውም ለሆነ ሕዝብ ይህ ከሰው እልቂት የማይተናነስ ነገር ነው። በሰኔ 1875 ኩዋሃዲ የሚባለው የኮማንቼ ወገን የመጨረሻ ሰዎች ከመሪያቸው ከኩዋና ፓርከር ጋር ፎርት ሲል በተባለው የጦር ሰፈር ገብተው እጃቸውን ሰጡ። በዚያን ጊዜ የቀሩት ኮማንቼዎች 1,600 ገደማ ብቻ ነበሩ።

ኩዋና አስገራሚ ሰው ነው። እናቱ ሲንቲያ አን ፓርከር በልጅነቷ በ1836 የተማረከች ነጭ ናት። እጁን ከሰጠ በኋላ አዲሱን ኢኮኖሚ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። የቴክሳስ ከብት አርቢዎች የኮማንቼን ሣር ይፈልጉ ነበር። እሱም ሣሩን አከራያቸው። ኪራዩ ለአባላቱ በነፍስ ወከፍ ይከፋፈል ነበር። የወል መሬት ጥሬ ገንዘብ ሊያስገኝ እንደሚችል ያኔውኑ ታይቷል።

መንግሥት ግን የወል መሬት አልወደደም። በ1892 የጀሮም ስምምነት የሚባል ወረቀት ቀረበ። ለእያንዳንዱ ሰው 65 ሄክታር ገደማ ይሰጥና የተረፈው ለሰፋሪ ይሸጣል የሚል ነው። ፊርማው በማታለል የተሰበሰበ ነው ብለው ብዙዎች ተቃወሙ። ኮንግረስ በ1900 አጸደቀው። በ1901 ዕጣ ወጣ። ከዚህ ክልልና ከጎረቤቱ የዊቺታ መሬት ለተቆረሱ 13 ሺህ ቦታዎች ከ160 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ። የላውተን ከተማ የተቆረቆረችው በዚያው ነሐሴ ነው። የኪዮዋው መሪ ሎን ዎልፍ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረ። በ1903 ፍርድ ቤቱ ኮንግረስ ውልን በራሱ ፈቃድ ሊሽር ይችላል አለ። በአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ላይ ከተሰጡት ፍርዶች እንደዚህ ያለ ከባድ ጥቂት ነው። ለግጦሽ ቀርቶ የነበረው ትልቁ የወል መሬት እንኳ በ1906 ተሸጠ።

ጣጣው እስከ ዛሬ አልለቀቀም። ለአንድ አያት የተሰጠ ቦታ ዛሬ በብዙ ወራሾች ስም ነው። አንዱ ቢፈልግ ሌላው ካልፈቀደ ሊያርሰውም፣ ቤት ሊሠራበትም አይችልም። ስለዚህ ለገበሬ ይከራይና ሳንቲም ሳንቲም ይከፋፈሉታል። ከጥይቱ ይልቅ ይህ የወረቀት ሥራ ነው ኮማንቼን ያደኸየው ብል የተጋነነ አይመስለኝም።

መሬት ያለው፣ ውሃ የሌለው

ኮሎምቢያ የሄደችው በሌላ መንገድ ነው። በ1890 የወጣው 89 ቁጥር ሕግ ነባሮቹን ሕዝቦች «አረመኔ» ብሎ የሚጠራ አሳፋሪ ሕግ ነው። ሆኖም ሬስጓርዶ የሚባለውን የወል ይዞታ ጠብቆ አቆየ። ለዋዩዎች ትልቁ ሬስጓርዶ፣ የላይኛውና የመካከለኛው ጓሂራ፣ በ1984 ተሰጠ። ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው። በስፋቱ ኮማንቼዎቹ ከተቀሙት ክልል ብዙም አያንስም። የ1991ዱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ይህ መሬት አይሸጥም፣ አይያዝም፣ አይወረስም አለ። ለነባር ሕዝቦችም በሴኔት ሁለት ወንበር ሰጠ።

በወረቀት ደረጃ ኮማንቼው ያለመው ሁሉ ዋዩው እጅ አለ። ታዲያ የዋዩ ልጆች ለምን በረሃብ ይሞታሉ? መልሱ ውሃ ነው። የላይኛው ጓሂራ ዝናብ እምብዛም አያውቅም። ሰው የሚጠጣው ከኩሬ ወይም በንፋስ ኃይል ከሚስብ የጉድጓድ ፓምፕ ነው። ከእነዚህ ፓምፖች ብዙዎቹ ብልሽት ከገጠማቸው ቆይቷል። ከ2012 እስከ 2015 በቆየው ድርቅ ኩሬዎቹ ደረቁ፤ ከብቱም አለቀ። ከብት ሲያልቅ ወተቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። ቁጠባውም፣ ኢንሹራንሱም፣ ካሳ መክፈያውም አብሮ ይጠፋል።

የአካባቢው ዋና ወንዝ ራንቼሪያ ነው። ላዩ ላይ ኤል ሴርካዶ የሚባል ግድብ ተሠርቷል። በወንዙ አጠገብ ደግሞ ሴሬሆን አለ። ከላቲን አሜሪካ ትልልቅ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ማውጫዎች አንዱ ነው። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከሰሉን 150 ኪሎ ሜትር በሚሆን የባቡር ሐዲድ ወደ ፑዌርቶ ቦሊቫር ወደብ ይልካል። ባቡሩ የሚያልፈው በዋዩ አገር መሃል ነው። ከ2022 መጀመሪያ ወዲህ ብቸኛ ባለቤቱ የስዊዘርላንዱ ግሌንኮር ነው። ለክፍለ ግዛቱ አስተዳደር የሚገባው የማዕድን ገቢ ቀላል አይደለም። ግን መንደሩ አልደረሰም። ሙስናው በጣም ስለባሰ በ2017 ማዕከላዊው መንግሥት የጤናውን፣ የትምህርቱንና የውሃውን አስተዳደር ከአካባቢው ባለሥልጣናት ነጥቆ ራሱ ያዘው። በዚያው ዓመት የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በውሳኔ ቲ-302 በዋዩ ልጆች ላይ የደረሰው ሁሉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭ ነው ሲል አወጀ። ፕሬዚዳንት ፔትሮ በ2023 ለአንድ ሳምንት መንግሥታቸውን ይዘው ወደ ላ ጓሂራ ሄዱ፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅም አወጁ። አዋጁን ፍርድ ቤቱ ሻረው። የቆየ ችግር ነውና በመደበኛ ሕግ ይፈታ ነው ያለው።

ገንዘቡ የማን ነው

የኮማንቼ ብሔር የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ሊቀመንበርና ምክር ቤት አለው። በ1960ዎቹ ከኪዮዋና ከአፓቼ ጋር ከነበረው የጋራ ኮሚቴ ወጥቶ ለብቻው ቆመ። ኢኮኖሚውን የለወጠው ግን የ1988ቱ የፌዴራል የቁማር ሕግ ነው። ዛሬ ላውተን፣ ዴቮል፣ ዋልተርስና ኤልጂን ላይ ካዚኖዎች አሉት። ባለቤቱ ሌላ ኩባንያ ሳይሆን ብሔሩ ራሱ ነው። ገቢው ለአዛውንት እርዳታ፣ ለትምህርት፣ ለቤት ይውላል። ከፊሉ ለአባላት በነፍስ ወከፍ ይከፋፈላል። የኩዋና የሣር ኪራይ በሌላ መልኩ ተመለሰ ማለት ይቻላል። ሕክምናው ደግሞ ላውተን ባለው የፌዴራል የነባሮች ሆስፒታል ነው። ሁሉም ሰው ደልቶታል ማለት አይደለም። ሥራ አጥነቱም፣ ስኳር በሽታውም አለ። ብዙ ወጣትም ሥራ ፍለጋ ከአካባቢው ይወጣል። ነገር ግን ልጅ በውሃ ጥም አይሞትም።

የዋዩ ቤተሰብ ገቢ ከብዙ ቦታ የሚለቀም ነው። ፍየል፣ ዓሣ፣ ማናውሬ ላይ የሚዛቅ የባሕር ጨው፣ በማይካኦ ገበያ የሚካሄድ የድንበር ንግድ። ሴቶቹ ሞቺላ የሚባለውን ባለ ቀለም ቦርሳ በኪሮሽ ይሠራሉ። ቦርሳው ቦጎታም አውሮፓም በውድ ይሸጣል። ትርፉ የሚያድረው ግን በአብዛኛው ነጋዴው ጋ ነው። የቬኔዙዌላ ኢኮኖሚ ሲወድቅ ደግሞ እዚያ የነበሩ ዘመዶች ተመለሱ፤ በአንድ ድስት የሚበላው ሰው በዛ። ኡሪቢያ በምትባለው ወረዳ በ2018 መለኪያ ከአስር ቤተሰብ ዘጠኙ ድሃ ነው።

ቋንቋና ዳኝነት

በዚህ በኩል ሚዛኑ ወደ ዋዩ ያደላል። ቋንቋቸው ዋዩናይኪ ሕያው ነው። ልጆች አፍ የሚፈቱበት፣ ገበያ የሚገበያዩበት ነው። ዘር የሚቆጠረው በእናት በኩል ሲሆን ዋናው የቤተሰብ ባለሥልጣን የእናት ወንድም ነው። ሰው ሲጣላ ወይም ደም ሲፈስ በሁለቱ ወገን መካከል የሚመላለስ አስታራቂ አለ፤ ፑቺፑይ ይሉታል። ካሳውን በንግግር ያስማማል። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2010 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ኮማንቼኛን አቀላጥፈው የሚናገሩት ጥቂት አዛውንት ብቻ ናቸው። የፎርት ሲል የነባሮች አዳሪ ትምህርት ቤት ከ1871 እስከ 1980 ሠርቷል። ልጆች በቋንቋቸው ሲናገሩ ይቀጡ ነበር። በላ ጓሂራም የካፑቺን መነኮሳት ልጆችን በአዳሪ ቤቶች ሰብስበው ነበር፤ ግን የሕዝቡ ብዛትና የበረሃው ስፋት ቋንቋውን አዳነው። ነገሩን መራራ የሚያደርገው በዚሁ በተከለከለው ኮማንቼኛ የአሜሪካ ጦር መጠቀሙ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 17 ኮማንቼዎች በምስጢር መልእክት አስተላላፊነት ሠለጠኑ። 14ቱ አውሮፓ ዘመቱ። በሰኔ 6፣ 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ዩታ በተባለው ጠረፍ ላይ ሲወርዱ ጀርመኖች ያልገባቸው ቋንቋ ይህ ነበር። የመጨረሻው፣ ቻርለስ ቺቢቲ፣ በ2005 አረፈ።

ማን ይጠየቅ

ኮሎምቢያ ነባር ሕዝብን ሳያማክሩ በመሬቱ ላይ ምንም እንዳይሠራ የሚያዘውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1991 ተቀብላለች። አሜሪካ አልፈረመችም። ቢሆንም ኮማንቼዎች በ2008 ፎርት ሲል ውስጥ ባለው በሜዲሲን ብላፍስ ጉዳይ ጦሩን ከሰው ረቱ። ሰራዊቱ በዚያ ቅዱስ ኮረብታ ግርጌ ሊሠራው የነበረው ሕንፃ በፍርድ ቤት ታገደ። ጠበቃ የሚቀጥር ብሔር ስላለ ነው ክሱ የቆመው።

ላ ጓሂራ ላይ አሁን ተራው የነፋሱ ነው። በኮሎምቢያ የመጀመሪያው የንፋስ ኃይል ማመንጫ ሄፒራቺ በ2004 ዋዩ መሬት ላይ ተተክሎ ነበር። ኤኔል የተባለው የጣሊያን ኩባንያ ዊንድፔሺ የሚል ፕሮጀክት ጀመረ፤ በተደጋጋሚ ተቃውሞ ምክንያት በግንቦት 2023 ጥሎት ወጣ። ብዙዎች ይህን የዋዩዎች እልኸኝነት አድርገው ያወራሉ። እኔ አልስማማም። አርባ ዓመት የከሰል ባቡር በደጁ ሲያልፍ ያየ ሰው ለነፋሱም ቢጠነቀቅ አይፈረድበትም። በ2023 የወጣው የልማት ዕቅድ ሕግ ንፋስና ፀሐይ በብዛት ባለባቸው እንደ ላ ጓሂራ ያሉ አካባቢዎች ከሚሸጠው ኃይል ለአካባቢው የሚሰጠውን ድርሻ ከ1 በመቶ ወደ 6 በመቶ ከፍ አድርጓል። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ድርሻ መቀበልና ባለቤት መሆን ይለያያሉ። ላውተን ላይ ለውጥ ያመጣው ሁለተኛው ነው።