ስማቸው ያልተጠራላቸው የአውሮፓ ወይኖች

ወይን ጠጅ ቀምሶ ሻርዶኔን በስም የማያውቅ ጥቂት ነው። እናቱን ግን ማን ያውቃታል? ስሟ ጉዌ ብላን ነው። በመካከለኛው ዘመን የፈረንሳይ ገበሬ በየማሳው የሚተክላት ነጭ ወይን ነበረች። ፍሬዋ ብዙ ነው፣ ጠጇ ግን ኮምጣጣና ውሃ ውሃ የሚል ነው ተብላ ተናቀች። እንዳትተከል ጭምር በየዘመኑ ተከልክላለች። እ.ኤ.አ. በ1999 ይፋ የሆነ የዲኤንኤ ጥናት ግን ታሪኳን ገለበጠው። ሻርዶኔ፣ ጋሜ፣ አሊጎቴና ሌሎችም የእሷና ፒኖ የሚባለው ወይን ልጆች ሆነው ተገኙ። ዛሬ ልጆቿ ዓለምን ሞልተውታል፤ እሷን በማሳ ላይ ማግኘት ግን ብርቅ ነው።

ስለ አውሮፓ ወይን ሳስብ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ እሷ ናት። ዝናና ዋጋ አንድ አይደሉምና።

ወይን ጠጅ ስለሚጠመቅባቸው ዝርያዎች በ2012 የወጣ አንድ ትልቅ መዝገብ 1,368 ዝርያዎችን ይዘረዝራል። በየሱቁ መደርደሪያ ደጋግመን የምናያቸው ስሞች ግን ከአስራ አምስት ብዙም አይዘሉም። እኛም አገር በዝዋይ ዙሪያ የሚለሙት ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ ናቸው፤ ሁሉም የፈረንሳይ ዝነኞች።

ሌሎቹ የት ገቡ? ትልቁን ጉዳት ያደረሰው ፊሎክሴራ የሚባል፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግር ነፍሳት ነው። ከሰሜን አሜሪካ ከመጡ ችግኞች ጋር ገብቶ በ1860ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ታየ። ከዚያ የአውሮፓን ወይን ከሥሩ እየበላ አገር ለአገር ተዛመተ። መድኃኒቱ ሆኖ የተገኘው የአውሮፓን ቅርንጫፍ ተባዩን በሚቋቋም የአሜሪካ ወይን ሥር ላይ መቀጠል ነበር። ይህ ደግሞ ሙሉ ማሳን እንደገና መትከል ማለት ነው። ገበሬው ወጪ ካወጣ አይቀር ብዙ የሚያፈራውንና ቶሎ የሚሸጠውን መረጠ። የቀረው ተረሳ። በፈረንሳይ የቦርዶ አካባቢ ይለማ የነበረው ካርሜኔር ከእነዚህ አንዱ ነው። ጠፋ ሲባል ኖሮ በ1994 ፈረንሳዊው ባለሙያ ዣን ሚሼል ቡርሲኮ ቺሊ ውስጥ፣ ሜርሎ እየተባለ ሲሸጥ አገኘው።

ተባዩ ድል ያላደረገው ቦታም አለ። የግሪክ ደሴት ሳንቶሪኒ ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት በፈነዳ እሳተ ገሞራ አመድና ድንጋይ የተሸፈነች ናት። በአፈሯ ውስጥ ሸክላ የለም ማለት ይቻላል፤ ፊሎክሴራ ደግሞ እንዲህ ባለ አፈር አይኖርም። ስለዚህ የደሴቲቱ ዋና ወይን አሲርቲኮ ዛሬም በገዛ ሥሩ ቆሟል።

አተካከሉ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነገር ነው። በረድፍ ቆሞ፣ በሽቦ ተደግፎ የሚያድግ ወይን እዚያ አይበዛም። ነፋሱ ይሰብረዋል፣ ፀሐዩም ያቃጥለዋል። ገበሬው በየዓመቱ ቅርንጫፉን እየጠመዘዘ መሬት ላይ እንደ ቅርጫት ይጎነጉነዋል። ኩሉራ ይሉታል። ዘለላው በቅርጫቱ ውስጥ ተጠልሎ ይበስላል። በጋውን ዝናብ የሚባል የለም። ሌሊት ከባሕር የሚነሳውን ጭጋግና ጤዛ ቀዳዳ የበዛበት የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ይጠጣዋል፤ ወይኑም ከዚያ ይኖራል። ቅርጫቱ አርጅቶ ፍሬው ሲያንስ ከላይ ይቆረጥና ከዚያው ሥር አዲስ ቅርንጫፍ ይወጣል። ስለዚህ ከላይ ወጣት የሚመስል ወይን ሥሩ የቅድመ አያት ዕድሜ ሊኖረው ይችላል።

አሲርቲኮን ልዩ የሚያደርገው በዚያ ሁሉ ሙቀት ውስጥ ኮምጣጣነቱን አለመልቀቁ ነው። ድራይ፣ ማለትም ጣፋጭነት የሌለው ሆኖ ሲጠመቅ ሎሚ ሎሚ ይላል፣ ጨው የነካውም ይመስላል። ከተጠበሰ ዓሣ ጋር የሚወዳደረው ያለ አይመስለኝም። ከዚሁ ፍሬ ቪንሳንቶ የሚባል ጣፋጭ ወይንም ይሠራል። ዘለላው ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ዘቢብ ወደ መሆን ሲቃረብ ይጨመቃል። ለቅዱስ ቁርባን የሚሆነውን ወይን ከዘቢብ ለምታዘጋጅ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። የሚያሳስበው የመሬቱ ጉዳይ ነው። ሳንቶሪኒ የቱሪስት ደሴት ናት፤ ሆቴልና ማሳ በአንድ ጠባብ መሬት ይሻማሉ።

አንዳንዱን ዝርያ ያዳነው ደግሞ አፈር ሳይሆን ሰው ነው። በሰሜን ጣሊያን ፒዬሞንቴ፣ በቶርቶና ኮረብቶች ቲሞራሶ የሚባል ነጭ ወይን አለ። ምርቱ አንድ ዓመት ይሰጣል፣ አንድ ዓመት ይነሳል። ገበሬዎቹ ታከታቸውና ኮርቴዜ ወደሚባለው ታማኝ ዝርያ ዞሩ። በ1980ዎቹ ቫልተር ማሳ የተባለ የአካባቢው ወይን ጠማቂ የቀሩትን ጥቂት ሐረጎች ለይቶ ማባዛት ጀመረ። ጎረቤቶቹም ውለው አድረው ተከተሉት። ቲሞራሶ ዓመታት ሲያልፉበት ማር ማር እያለ የሚሄድ ወፍራም ነጭ ወይን ነው። ነጭ ወይን ቶሎ ተጠጥቶ ማለቅ አለበት የሚል ሰው ይህን ቢቀምስ እወዳለሁ።

ቀይ ለሚወዱ ወደ ግሪክ ልመለስና ሁለት ልጥቀስ። የናውሳው ክሲኖማቭሮ ስሙ ራሱ "ኮምጣጣ ጥቁር" ማለት ነው። በወጣትነቱ አፍ ያደርቃል፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። የኔሜያው አዮርጊቲኮ ለስለስ ያለ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ነው። በሰሜን ምዕራብ ስፔን ደግሞ ሜንሲያ አለ። በሪቤራ ሳክራ ማሽን በማይወጣው ገደል ላይ በተሠራ እርከን ይለማል፤ ለቀማውም በእጅ ነው።

ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጠው ግን ስሎቬኒያ ውስጥ ነው። በማሪቦር ከተማ፣ በአንድ አሮጌ ቤት ግንብ ላይ ተደግፎ የቆመ የወይን ሐረግ አለ። ዕድሜው ከ400 ዓመት በላይ ነው። በዓለም ካሉ የሚያፈሩ ወይኖች ትልቁ አዛውንት ተብሎም ተመዝግቧል። ዝርያው ዛሜቶቭካ ይባላል፤ ስሙ "ከፋይ" (ለስላሳው ጨርቅ፣ ቬልቬት) ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ፊሎክሴራንም የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ቦምብም አልፏል። በየመስከረሙ መጨረሻ አካባቢ ከተማው በዓል አድርጎ ፍሬውን ይለቅማል። ጠጁ ጥቂት ስለሆነ ለገበያ አይወጣም። ከተማዋ በትንንሽ ጠርሙስ እየሞላች ለክብር እንግዶቿ ትሰጠዋለች።