«ሰማዩ ጥርት ብሏል»፦ ስለ ጎርፍ ማስጠንቀቂያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ድሬዳዋ ተኝታ ሳለ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ወጣ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሺዎች ቤት አልባ ሆኑ። ሳምንት ያህል ቆይቶ ደግሞ የኦሞ ወንዝ በደቡብ ኦሞ የዳሰነች አርብቶ አደሮችን መንደሮች አጥለቀለቀ፤ በዚያም ከ360 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ተነገረ። ይህ ሁሉ በአንድ ክረምት የሆነ ነው። ከዚያ ወዲህ የትንበያው ጥበብ ብዙ ተራምዷል። ሳተላይት ዝናቡን ይከታተላል፣ ኮምፒውተር ወንዙ በስንት ቀን ምን ያህል እንደሚሞላ ያሰላል። ስለ ጎርፍ የምንነጋገርበት መንገድ ግን ብዙም አልተለወጠም። ዛሬም በየሰፈሩ የሚባሉ፣ አንዳንዴም በየስብሰባው የሚደገሙ አባባሎች አሉ፤ ሰው የሚሞተውም በእነሱ ነው ብዬ ስለማምን አንድ በአንድ አነሣቸዋለሁ።

«ሰማዩ ጥርት ካለ ጎርፍ አይመጣም»

ደቻቱ የድሬዳዋን ሁለት ሰፈሮች፣ ከዚራንና መጋላን፣ የሚለያይ ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን የዓመቱን ክፍል የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። ሰው በእግሩ ይሻገረዋል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸራ ዘርግቶ ይነግድበታል። እግር የሚያቃጥል ደረቅ አሸዋ ላይ ቆሞ «ይህ ነገር ሰው ይገድላል» ብሎ ማሰብ ለማንም ይከብዳል።

ደቻቱ ግን የሚሞላው በከተማዋ ዝናብ አይደለም። ከድሬዳዋ በስተደቡብ የሐረርጌ ደጋ ከፍ ብሎ ቆሟል። ቁልቁለቱ ስለታም ነው፣ ብዙው ቦታም ዛፍ የለውም። እዚያ ላይ ከባድ ዝናብ ሲወርድ መሬቱ ውሃውን መጥጦ አያስቀረውም፤ ከየሸለቆው ተሰብስቦ አፈርና ድንጋይ እየጠራረገ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከተማዋ ይደርሳል። ታች ያለው ሰው በዚያን ሰዓት ኮከብ እያየ ሊሆን ይችላል። ደራሽ ውሃ የተባለውም ለዚህ ነው።

በሶማሌ ክልልም ነገሩ ያው ነው፣ ልዩነቱ የጊዜው ርዝመት ነው። ጎዴን የሚያጥለቀልቀው የዋቢ ሸበሌ ውሃ ከባሌ፣ ከአርሲና ከሐረርጌ ደጋ የሚነሣ ነው። ጎዴ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ወንዙ ሊሞላ ይችላል። ስለዚህ ቆላ ላይ ያለ ሰው ቀና ብሎ ሰማዩን ከማየት ይልቅ «ላይ አገር ምን ዘነበ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ላይ አገር ያለ የቀበሌ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም ሱቅ ጠባቂ ታች አገር ላለ ሰው የሚደውልበት ሰንሰለት ቢዘረጋ ወጪው የስልክ ካርድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰንሰለት በየወንዙ አለመኖሩ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

«ጎርፍ ድንገተኛ ነው፣ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም»

ጎርፍ አንድ ዓይነት አይደለም። እንደ ደቻቱ ያለው ደራሽ ጎርፍ በእርግጥ ፈጣን ነው፤ የሚሰጠው ጊዜ በሰዓት፣ አንዳንዴም በደቂቃ ይቆጠራል። የትልልቅ ወንዞች ሙላት ግን ቀናት ይሰጣል። ኦሞ ከደጋው ተነሥቶ ቱርካና ሐይቅ እስኪደርስ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በፎገራ ሜዳ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚሞሉት ክረምቱ እየበረታ፣ መሬቱ ውሃ እየጠገበ፣ የጣና ሐይቅም ከፍ እያለ ሲሄድ ነው። ምልክቱ በእያንዳንዱ ደረጃ ይታያል።

ወራት ቀድሞ የታወቀም አለ። ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ላይ የኢጋድ የአየር ንብረት ማዕከል መጪው የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ በምሥራቅ አፍሪካ ከመደበኛው በላይ እንደሚሆን አስታውቆ ነበር። ምክንያቱ ኤልኒኞ የሚባለው የፓስፊክ ውቅያኖስ መሞቅና የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል መሞቅ ነበር። ዝናቡም እንደተባለው መጣ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ዋቢ ሸበሌ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ በሶማሌ ክልል እጅግ ብዙ ቤተሰቦችን አፈናቀለ። እነዚያ ሰዎች ለዓመታት በድርቅ የተጎዱ ነበሩ፤ ከብቶቻቸውን ያጡት ገና ቅርብ ጊዜ ነው። «ዝናብ ይመጣል» ሲባሉ ደስ እንደሚላቸው፣ ጎርፍ ብለው እንደማይሰሙት መገመት አያቅትም። የትንበያው ቃል ተቀባዩ ካለበት ሁኔታ ጋር ተያይዞ ካልተነገረ እውነት ሆኖም አይጠቅምም።

«ባለፈው ይመጣል ብለው አልመጣም፤ ትንበያ አይታመንም»

ይህ ቅሬታ መልስ የሚገባው ነው፤ ሰው በከንቱ ከብቱን ነድቶ፣ ልጁን ተሸክሞ ሲንከራተት መናደዱ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ ትንበያ ቁርጥ ቃል አይደለም። «ከአሥር ሰባት ጊዜ ይሆናል» ማለት ከአሥር ሦስት ጊዜ አይሆንም ማለትም ነው። ሰኔ ላይ ጃንጥላ ይዞ ወጥቶ ሳይዘንብ የተመለሰ ሰው ጃንጥላውን አይጥለውም።

መፍትሔው እርምጃውን በደረጃ መከፋፈል ነው። ዕድሉ ገና ዝቅተኛ ሲሆን ወጪ የማይጠይቀው ይደረጋል፦ ሰነድ በፕላስቲክ ይጠቀለላል፣ ዘር ከወለል ወደ ቆጥ ይወጣል፣ መድኃኒት በአንድ ቦርሳ ይሰበሰባል። ዕድሉ ከፍ ሲል ከብት ወደ ከፍታ ይነዳል። ውሃው ሊደርስ ሲል ሰው ይወጣል። እንዲህ ከሆነ ጎርፉ ባይመጣ እንኳ የባከነው ጥቂት ነው። ያልመጣ ጎርፍ ካለም ማስጠንቀቂያውን የሰጠው አካል ተመልሶ «ያልመጣው በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ሊያስረዳ ይገባል። ዝም ሲባል ነው እምነት የሚሸረሸረው።

«በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከተነገረ ሁሉም ሰምቷል»

ብዙውን ጊዜ ነገሩ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

እንበልና ከወንዝ ዳር አንዲት እናት ትኖራለች። መስማት የተሳናት ናት። ባሏ ለቀን ሥራ ሌላ ከተማ ሄዷል፣ የቤቱን ስልክም ይዞት ሄዷል። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ይጠፋል፤ በመኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ በሰፈሩ እየዞረ «ውጡ!» ይላል። ጎረቤት ሁሉ ይነሣል። እሷ ልጇን አቅፋ ተኝታለች። ማስጠንቀቂያው ወጥቷል፣ በሪፖርቱም ላይ «ለሁሉም ነዋሪ ተላልፏል» ተብሎ ይጻፋል። ለእሷ ያስፈልጋት የነበረው በሯን የሚከፍትና ትከሻዋን የሚነካ አንድ ሰው፣ ፊቷ ላይ የሚበራ አንድ የእጅ ባትሪ ነበር።

ቋንቋውስ? ዳሰነች ለሆነ እረኛ በአማርኛ የተነገረ ማስጠንቀቂያ ምን ይነግረዋል? ቋንቋው ቢገባውስ «80 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይጠበቃል» የሚለው ምን ማለት ነው? ሚሊ ሜትር የባለሙያ መለኪያ ነው። ሰው የሚገባው «ውሃው ከመስጊዱ ደጃፍ ይደርሳል» ወይም «የድልድዩ ቀይ ቀለም ከተሸፈነ ውጡ» ሲባል ነው። በድልድይ ምሰሶ ላይ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ የተቀባ መለኪያ ማንበብና መጻፍ የማይችልም ያነበዋል፤ ቀለም መለየት ለማይችል ወይም ማየት ለተሳነው ደግሞ የሚነግረው ሰው አስቀድሞ ይመደባል።

አፋሮች ዳጉ የሚሉት የቆየ ሥርዓት አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆም፣ አረፍ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ይለዋወጣሉ፤ ራሱ ያየው ከሌላ ከሰማው ይለያል፤ የሰማ ደግሞ ለሚቀጥለው የማድረስ ግዴታ አለበት። በዚህ መንገድ ወሬ ኔትወርክ በሌለበት በረሃ እጅግ ሩቅ ይጓዛል። አዋሽ ሲሞላ ከዳጉ የተሻለ ምን መሣሪያ አለ? የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣው መረጃ ዳጉ ውስጥ ቢገባ አርብቶ አደሩ ዘንድ ይደርሳል፤ ከተማ ውስጥ በወረቀት ከቀረ ግን አይደርስም።

«አካል ጉዳተኞችንና አረጋውያንን ነፍስ አድን ሠራተኞች ያወጧቸዋል»

ሀብታም አገርም ይህን ብላ ዋጋ ከፍላለች። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2021 ጀርመን ውስጥ የአር ወንዝ ሲሞላ ከባድ ጎርፍ ሊመጣ እንደሚችል የአውሮፓ የጎርፍ መከታተያ ሥርዓት ቀናት ቀድሞ አስታውቆ ነበር። ዚንዚግ በምትባል ትንሽ ከተማ በሚገኝ የአካል ጉዳተኞች መኖሪያ ቤት ምድር ቤት ተኝተው የነበሩ 12 ሰዎች ግን በዚያች ሌሊት ሰጠሙ። ሳተላይቱም ኮምፒውተሩም ነበር። የጎደለው «እነዚህን ሰዎች ማን፣ በስንት ሰዓት፣ ወዴት ያወጣቸዋል?» ለሚለው ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ ነው።

መልሱ የሚገኘው ከሰዎቹ ከራሳቸው ጋር ተቀምጦ ነው። ዊልቸር የሚጠቀም ሰው የትኛው መንገድ ጭቃ እንደሚይዝ ከማንም በላይ ያውቃል። ማየት የተሳነው ሰው መጠለያ ተብሎ የተመረጠው ትምህርት ቤት መጸዳጃ ቤቱ ስንት ደረጃ እንዳለው ገብቶ ካላረጋገጠ ማን ያረጋግጥለታል? ነፍሰ ጡር ሴት፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ መድኃኒት የማያቋርጡ ሕሙማን፣ በወንዝ ዳር የላስቲክ ቤት ውስጥ የሚያድሩ የቀን ሠራተኞችና ተፈናቃዮች፣ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት ሌላው የማያውቀው ነገር አለ። ዕቅዱ ሲጻፍ ካልተገኙ ዕቅዱ ስለ እነሱ አያውቅም።

እኛ ለዚህ የሚሆን ነገር በእጃችን አለ፤ እድር። እድር የየቤቱን ስም ያውቃል፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ያውቃል። ድንኳን አለው፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለው፣ ሌሊት ጥሩምባ የሚነፋ ሰው አለው። ይህ ሁሉ የተሰናዳው ግን ሰው ከሞተ በኋላ ለመቅበርና ለማስተዛዘን ነው። ያው ጥሩምባ ክረምት ሲገባ ለሌላ ዓላማ ቢነፋ፣ ያው መዝገብ «በዚህ ቤት የሚሸከም ሰው ያስፈልጋል» የሚል አንድ ዓምድ ቢጨመርበት፣ ከጎኑም ሁለት የጎረቤት ስም ቢጻፍ ምን ይከብዳል? ሁለት የምለው አንዱ ያን ሌሊት ላይኖር ስለሚችል ነው። መረጃው የሰው ጉዳይ ስለሆነ በባለቤቱ ፈቃድ መመዝገብና በአደራ መያዝ አለበት፤ በየግድግዳው የሚለጠፍ አይደለም።

«ገንዘብና እርዳታ የሚመጣው ጎርፉ ጉዳት ካደረሰ በኋላ ነው»

አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይሉ ነበር። ለረጅም ጊዜ የእርዳታው ዓለም አሠራር ይኸው ነበር፦ ጎርፍ ይመጣል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ልመና ይጀመራል፣ ገንዘቡ ከሳምንታት በኋላ ይደርሳል። እስከዚያ ገበሬው በሬውን በርካሽ ሸጧል፣ ልጁን ከትምህርት ቤት አስቀርቷል።

ሌላ መንገድ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2020 በባንግላዲሽ የጃሙና ወንዝ ክፉኛ እንደሚሞላ ትንበያው ሲያሳይ የተባበሩት መንግሥታት የአደጋ ጊዜ ፈንድ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ያህል ውሃው ከፍተኛ መጠኑ ላይ ሳይደርስ ለቀቀ። ይህ የሆነው «ትንበያው ይህን መጠን ካለፈ ይህን ያህል ገንዘብ ይለቀቃል» የሚል ስምምነት አስቀድሞ ስለነበረ ነው። ቤተሰቦች ጎርፉ ሳይበረታ ጥሬ ገንዘብ ተቀበሉ። በዚያን ሰዓት እጅ ላይ ያለ ጥቂት ገንዘብ ምግብና መኖ ይገዛል፣ የጀልባ ኪራይ ይከፍላል፣ ከብት ከመስጠም ያድናል። የአየር ንብረት ለውጥን መቋቋምን ያጠና ዓለም አቀፍ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ዘገባ የ24 ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ ጉዳቱን 30 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ገልጿል። በእኛም አገር ሳፋ፣ ገመድና ነዳጅ የሚገዛበት ትንሽ ገንዘብ ከሰኔ በፊት በወረዳው እጅ ካልተቀመጠ ሲሮጡ የታጠቁት መሆኑ አይቀርም።

«ግንብ ወይም ግድብ ከተሠራ ስጋቱ አለፈ»

ግንብ ይጠቅማል፣ ግን የተሠራው እስከተወሰነ መጠን ድረስ ነው። የሊቢያዋ ደርና ሁለት ግድቦች ነበሯት። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2023 በአንድ ሌሊት ሁለቱም ተደረመሱ፣ ሺዎች አለቁ። ከግንብ ጀርባ ያለ ሰው ተማምኖ ወንዙ አፋፍ ላይ ቤት ከሠራ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው ከበፊቱ ይልቅ አሁን ነው።

«ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም፣ እሻገራለሁ»

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው እንዲሁ አይደለም። በፍጥነት የሚወርድ ጎርፍ ቁርጭምጭሚት አልፎ 15 ሴንቲ ሜትር ከደረሰ ጎልማሳ ሰው ሊጥል ይችላል። 30 ሴንቲ ሜትር ትንሽ መኪና ያንሸራትታል። 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን አብዛኛውን መኪና ተሸክሞ ይሄዳል። ውሃው ድፍርስ ስለሆነ ከሥር መንገዱ ይኑር ወይም ተቦርቡሮ ይሂድ አይታይም። ሽማግሌ ደግፈው ወይም ልጅ አዝለው ሊሻገሩ ካሰቡ አይሞክሩት፤ ውሃው ወደማይደርስበት ከፍታ ይመለሱ፣ ከኋላ የሚመጣውንም ያስቁሙ። ደራሽ ውሃ በሰዓታት ውስጥ ይጎድላል፤ ማዶ ያለው ጉዳይ እስከዚያ ይጠብቃል።