እጅን በአፍ ያስጭናል

ያየነው ወይም የሰማነው ነገር አስደንቆ ቃል ሲያሳጣን «እጅን በአፍ ያስጭናል» እንላለን። ለደግም ለክፉም ያገለግላል። አሁን አሁን ለቲማቲም ዋጋም፣ ለሰርግ ወጪም እንጠራዋለን። ስህተት አይደለም። ግን እንዲህ ሲበዛ «ጫነ» የምትለዋ ቃል ክብደቷን ታጣለች፤ እኔ ደግሞ በጣም የምወዳት እሷን ነው።

መነሻው ከራሳችን አካል ነው። ጉድ የሰሙ እናትን ልብ ብላችሁ እዩ። «በስመ አብ!» ይሉና መዳፋቸው ሳያስቡት አፋቸው ላይ ያርፋል። ምልክቱ ጥንታዊ ነው፤ በመጽሐፈ ኢዮብም ኢዮብ ለፈጣሪው የሚመልሰው ሲያጣ እጁን በአፉ ላይ ይጭናል። አባባላችን «አደረገ» ወይም «አስቀመጠ» አይልም። ክዳን ላይ ድንጋይ የምንጭነው እንዳይከፈት ነው። አፍ ላይ እጅ የሚጫነውም ቃሉ ጊዜው ሳይደርስ እንዳያመልጥ ይመስለኛል።

ይሄ በደንብ የገባኝ ባለፈው ጥቅምት፣ አዲስ አበባ ዳር ባለ አንድ የጎልፍ ሜዳ ላይ ነው። አብሬያቸው የሄድኩት አጎቴ ጎልፍ የጀመሩት ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው። ኳሷን እስከ ዛሬ እንደ ገና ጨዋታ «ሩር» ነው የሚሏት። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ኳስ ከቆላው ይልቅ ራቅ ብላ ትበራለች። ጉድጓዱን የምታመለክተው ባንዲራ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ 140 ሜትር ግድም ላይ ነበረች።

አጎቴ መቱ። ኳሷ ሁለቴ ነጠረችና ቀጥ ብላ ወደ ባንዲራዋ ተንከባለለች። «ሆል ኢን ዋን»፣ በአንድ ምት ጉድጓድ ማስገባት፣ ብዙ ተጫዋች ዕድሜ ልኩን ሳያገኘው የሚቀር ነገር ነው። ጉድጓዱ እኮ ስፋቱ 108 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንድ መዳፍ ይከድነዋል።

እየተጣደፍን ደረስን። ኳሷ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች፤ ጎኗ አየር ላይ ነው። ሕጉ ተጫዋቹ ሳይዘገይ ጉድጓዱ ጋ ከደረሰ በኋላ 10 ሴኮንድ እንዲጠብቅ ይፈቅድለታል። በዚያ መሀል ከወደቀች በአንድ ምት እንደገባች ይቆጠራል። ከዚያ በኋላ ብትወድቅ ግን አንድ ምት ቅጣት ይጨመርበታል።

ካዲው፣ የአጎቴን ዱላዎች የሚሸከመው ልጅ፣ በአንድ እጁ ጣት መቁጠር ጀመረ። ሌላኛው እጁ አፉ ላይ ነው። አጎቴን አየኋቸው፤ እሳቸውም አፋቸው ላይ ጭነዋል። የኔም እጅ እዚያው ነበር። «ገባች» ለማለት የደፈረ የለም፤ «ቀረች» ለማለትም። ሁለቱም ቃላት መዳፋችን ሥር ነበሩ።

10 ሞላ። አልወደቀችም።

አጎቴ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ። «አየሃት አይደል?» አሉኝ።

«አየኋት ጋሼ።»

በሁለተኛው ምት ነካ አድርገው አስገቧት። እስከ ሳር ቤት ድረስ ሌላ ወሬ አላወራንም።