የካቶሊክ ታዳጊዎች አገልግሎትና ምክር በጎንደር

ጎንደር ውስጥ የሚማር ካቶሊክ ታዳጊ ብዙውን ጊዜ በክፍሉ ካሉት ሁሉ ብቸኛው ካቶሊክ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከከተማዋ 207,044 ነዋሪዎች 84.2 በመቶው ኦርቶዶክስ፣ 11.8 በመቶው ሙስሊም ነበሩ። ካቶሊኮች በሀገር ደረጃ እንኳ 0.7 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የታዳጊዎች ሐዋርያዊ አገልግሎት እዚህ በትልቅ ጉባኤ አይቆምም። የሚቆመው ልጁን በስሙ በሚያውቅና ጥያቄውን በማይሸሽ አንድ ትልቅ ሰው፣ በመካሪው ላይ ነው።

ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2015 በተቋቋመው የባሕር ዳር-ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ናት፤ የሀገረ ስብከቱ የአምልኮ ሥርዓትም የግእዝ ነው። ልጁ እንደ ጎረቤቱ በግእዝና በአማርኛ ያስቀድሳል፣ ገናን ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀትን ጥር 11 ያከብራል። ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ቅርበት ነው። ነጭ ለብሶ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ዐፄ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርድ፣ መንገድ ላይ «ታዲያ እናንተ ከእኛ በምን ትለያላችሁ?» ይባላል። «ትጾማላችሁ? እመቤታችንን ታከብራላችሁ? ከሮም ጋር ምን አገናኛችሁ?» መልስ ያላዘጋጀ ልጅ ወይ ያፍራል ወይ ይጣላል። ሁለቱም እምነቱን ይጎዱታል።

የከተማዋ ታሪክ ጥያቄውን ያከብደዋል። ዐፄ ሱስንዮስ ኢየሱሳውያን በተባሉ የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ትምህርት የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1625 የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ሕዝቡ ዳግም እንዲጠመቅ፣ ካህናቱም ዳግም እንዲካኑ ጠየቀ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ። በ1632 ሱስንዮስ የቀደመውን እምነት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። ሚሲዮናውያኑን ያስወጡትም፣ ጎንደርን የቆረቆሩትም ፋሲለደስ ናቸው። ይህን ታሪክ መካሪው ራሱ ቀድሞ፣ የሜንዴዝን ጥፋት ሳይሸፍን ሊነግራቸው ይገባል። ታሪኩን ከክፍል ጓደኛው አፍ መጀመሪያ የሰማ ልጅ ቤተ ክርስቲያኑ የደበቀችው ይመስለዋልና።

ከዚያ በኋላ ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል መናገር ይቀላል። የጎጃም ተወላጅና የኦርቶዶክስ መነኩሴ ነበሩ፤ እውነትን ፍለጋ ጎንደር ድረስ መጥተው ተምረዋል። ጣሊያናዊውን ሚሲዮናዊ ቅዱስ ዩስቲኖስ ደ ያቆቢስን፣ በሀገራችን አጠራር አቡነ ያዕቆብን፣ ካወቁ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1844 ካቶሊክ ሆኑ፤ ታስረውና ተሠቃይተው በ1855 በሰንሰለት እንዳሉ ዐረፉ። ብፅዕናቸው በ1926 ታወጀ። ለታዳጊ ትልቁ ነገር ሰማዕትነታቸው ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ልክ ሲጠይቁ መኖራቸውም ነው። ታሪካቸውን በጎረቤት ላይ እንደ ዱላ ማንሣት ግን እርሳቸውንም ማዋረድ ነው።

ሥራው ሲጀመር አንድ መካሪ ከአምስት በላይ ልጆች አይያዝ። ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል በቂ ነው፦ 10 ደቂቃ ከመዝሙረ ዳዊት ጸሎት፣ 20 ደቂቃ የሳምንቱ ወሬ፣ 30 ደቂቃ የነገው እሑድ ወንጌል፣ የቀረው ለጥያቄ። ወንጌሉ ሁለት ጊዜ ይነበባል፤ መካሪው ከማብራራቱ በፊት እያንዳንዱ ልጅ የያዘችውን ወይም የያዘውን ቃል ይናገራል። ጥያቄ በቃል ከሆነ ደፋሮቹ ብቻ ይጠይቃሉ። ለዚህ ከጫማ ካርቶን የተሠራ ሣጥን ይበቃል፤ ሁሉም እኩል የተቆረጠ ወረቀት ይወስዳል፣ ጥያቄ የሌለውም ባዶውን አጥፎ ይጨምራል፤ ያኔ ማን እንደጻፈ አይታወቅም። መካሪው የማያውቀው ጥያቄ ሲወጣ «ለሚቀጥለው ቅዳሜ» ይላል፤ ያኔም ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ከረሳ ሣጥኑ በባዶ ወረቀት ይሞላል።

በግል መነጋገር በወር ሁለት ጊዜ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ሰው በሚያይበት ቅጥር ግቢ ወይም በሩ በተከፈተ ክፍል ይሁን። ወላጅ ሰዓቱንና ቦታውን ይወቅ፤ በሌሊት በቴሌግራም ብቻ ለብቻ መጻጻፍ አይፈቀድ። መካሪ የንስሐ አባት አይደለም፤ ኃጢአቱን መናዘዝ የሚፈልገውን ልጅ ወደ ካህን ይመራል። «ሁሉን በምስጢር እይዛለሁ» ብሎ ቃል መግባትም አይገባውም፦ ጥቃት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከሰማ ለሚመለከተው እንደሚናገር ከመጀመሪያው ቀን ይንገራቸው።

ብዙ ቡድን የሚፈርሰው መካሪ ሲለዋወጥ ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትጉህ አገልጋዮች ናቸው፤ ግን ተመርቀው ይሄዳሉ። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ተማሪ ጎን አንድ የከተማው ነዋሪ፣ አስተማሪ፣ ነርስ ወይም እናት፣ ከመጀመሪያው ይመደብ፤ ርክክቡም ሁለት ወር ቀድሞ ለልጆቹ ይነገር። ሌላም ጥንቃቄ አለ። ከወላይታ ወይም ከሲዳማ የመጣ ተማሪ መካሪ ያደገው በላቲን (በሮማ) ሥርዓት ሊሆን ይችላል፤ እዚያ ሜሮን በጉርምስና ይሰጣል። ግእዝን ጨምሮ በምሥራቃውያን ሥርዓት ግን ሜሮን ከጥምቀት ጋር የተያያዘ ነው። ይህን ሳያጣራ «ለሜሮን እናዘጋጃችሁ» ቢል ልጁ የጎደለው ነገር ያለ ይመስለዋል። ማስተማር ያለበት የተቀበለውን እንዲኖርበት ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ቡድኑ መዘምራን ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው፤ ድምፅ የሌለው ልጅ ቀስ ብሎ ይጠፋል። ሲመሽ የሚያልቅ ስብሰባ ደግሞ ሴቶችን ያስቀራል፤ ከ11 ሰዓት በፊት መበተን ያስፈልጋል። የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ከግንቦት ጀምሮ ቢቀሩ አይወቀሱ፤ ስልክ ተደውሎ ይጸለይላቸው።

ክረምቱ ትልቁ ዕድል ነው። ትምህርት ቤት ዝግ ስለሆነ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ባለው የፍልሰታ ጾም በየጠዋቱ ትምህርተ ክርስቶስ፣ በመጨረሻም የሦስት ቀን ሱባኤ ይቻላል። መንገድ በማይታመንበት ጊዜ ሱባኤው እዚያው ቁምስና (ደብር) ውስጥ ይደረግ፤ ምግቡ የጾም ይሁን፤ ሻይና ዳቦም ከቅዳሴ በፊት አይቅረብ።

ልጁ 12ኛን ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ ሲመደብ የመካሪው ሥራ ገና አላበቃም። ከመሄዱ በፊት የሚደርስበትን ቁምስና ስምና የቅዳሴ ሰዓት ይፈልግለታል፤ የሚሄደው ወደ ደቡብ ከሆነ ቅዳሴው በላቲን ሥርዓት ሊሆን እንደሚችል ያስረዳዋል፤ ለቁምስናው ካህንም አስቀድሞ ይደውላል። በደረሰ በመጀመሪያው እሑድ ማታ ደግሞ ልጁ ራሱ ይደወልለት፤ ጥያቄውም አንድ ነው፦ «ዛሬ የት አስቀደስክ?»