ጀግናውና ክፉው ቦታ የተለዋወጡበት ሙዚቃዊ ኮሜዲ

በልዕለ ጀግና ታሪኮች ተመልካቹ ለማን እንደሚያዳላ አስቀድሞ የተወሰነ ነው፤ ጡንቸኛው ከተማዋን ያድናል፣ የጥፋት መሣሪያ የሚሠራው ሳይንቲስት ደግሞ ይሸነፋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2008 በኢንተርኔት የቀረበው «ዶክተር ሆሪብልስ ሲንግ አሎንግ ብሎግ» የተሰኘ አሜሪካዊ ሙዚቃዊ ኮሜዲ ይህን ልማድ በመገልበጡ ይታወቃል። ደራሲና ዳይሬክተሩ ጆስ ዊደን ሥራውን ከወንድሞቹ ከዛክና ከጄድ እንዲሁም ከሞሪሳ ታንቻሮን ጋር ያዘጋጀው በ2007 የተጀመረው የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ በፈጠረለት አጋጣሚ ነው። ወጪውን ራሱ ሸፍኖ የሠራው ይህ ድራማ ሦስት ገቢር ያለው ሲሆን፣ ሁሉም ተደምሮ ከ45 ደቂቃ አይበልጥም። በ2009 ለቴሌቪዥን ሥራዎች የሚሰጠውን የኤሚ እና ለሳይንስ ልብ ወለድ የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አግኝቷል።

ግልበጣው የሚጀምረው ከካሜራው ነው። ታሪኩ ሲከፈት ዶክተር ሆሪብል (ኒል ፓትሪክ ሃሪስ) ብቻውን ካሜራ ፊት ተቀምጦ የክፋት ሳቁን ይለማመዳል። ቀጥሎም በጨረር አሻግሬ ሰረቅሁት የሚለውን ወርቅ ያሳያል፤ ወርቁ ግን ከረጢት ውስጥ የተቋጠረ ፈሳሽ ሆኗል። እውነተኛ ስሙ ቢሊ የሆነው ይህ ሰው በልብስ ማጠቢያ ቤት የሚያገኛትን ፔኒን (ፌሊሺያ ደይ) ለማነጋገር ድፍረት ያጣ ዓይን አፋር ነው። ውድቀቱንና ፍቅሩን ከራሱ አንደበት የሰማ ተመልካች ሊጠላው አይችልም። ባላጋራው ልዕለ ጀግና ካፒቴን ሃመር (ኔታን ፊሊየን) ግን የሚታየው ሁልጊዜ ከውጭ ነው፤ ዘፈኖቹም ራሱን ከማወደስ አያልፉም።

የመጀመሪያው ገቢር የመኪና ትዕይንት ይህን በደንብ ያሳያል። ቢሊ አንዲት የጭነት መኪና በርቀት መቆጣጠሪያ እየነዳ ሊዘርፍ ሲሞክር፣ ሃመር ደርሶ በመኪናዋ ላይ የተገጠመውን የመቆጣጠሪያውን ምልክት መቀበያ በቡጢ ይሰብረዋል፤ በዚህም መኪናዋ ከቁጥጥር ውጭ ሆና ወደ ፔኒ ታመራለች። ሃመር ፔኒን ገፍትሮ ቆሻሻ ክምር ላይ ይጥላታል። መኪናዋን የሚያቆማት ቁጥጥሩን መልሶ ያገኘው ቢሊ ቢሆንም፣ ምስጋናው የሚደርሰው ለሃመር ነው። አደጋውን ያመጣው ጀግናው ሆኖ ሳለ ሦስቱም አብረው ሲዘፍኑ የቢሊን ተቃውሞ የሚሰማለት ሰው የለም።

ይህ ሁሉ ቢሊን ንጹሕ አያደርገውም። ዓለም ስለ ተበላሸች እኔ ልግዛት የሚለው ሰበቡ፣ ፈረስ ወደሚመራው የክፉዎች ማኅበር ለመግባት ሰው መግደል እንዳለበት ሲነገረው ባዶነቱ ይገለጣል። ለስላሳ ዜማዎቹ ሐሳቡን ያለዝቡታል እንጂ አይለውጡትም፤ የሥራው ብልጠትም፣ በእኔ ግምት፣ ተመልካቹ እየሳቀና እያዘነለት ለአንድ ነፍሰ ገዳይ ዕቅድ ድጋፍ እንዲሰጥ ማድረጉ ነው። በሦስተኛው ገቢር ቢሊ የሠራውንና ተበላሽቷል ብሎ ያስጠነቀቀበትን ገዳይ መሣሪያ ሃመር ራሱ ሲተኩሰው ይፈነዳበታል። ሕመምን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀምሶ እያለቀሰ ይሸሻል፤ በፍንጣሪው የተመታችው ፔኒ ግን ሃመር ያድነናል እያለች ትሞታለች። ቢሊም በዚህ ሞት የተመኘውን ዝና አግኝቶ ማኅበሩን ይቀላቀላል።

ከሦስቱ ለሌላ ሰው አንዳች ነገር የሠራችው ቤት ለሌላቸው መጠለያ እንዲከፈት ፊርማ ስታሰባስብ የከረመችው ፔኒ ብቻ ነች፤ እሷን ግን ሁለቱም ወንዶች እንደ ሽልማት ይሻሟታል። የሚሰነዘረው ትችት የሚያነጣጥረውም እዚሁ ላይ ነው፤ የጀግናንና የክፉን ሚና በድፍረት የገለበጠ ድርሰት ሴቷን የወንድ ታሪክ ማንቀሳቀሻ የሚያደርገውን አሮጌ ልማድ ሳይነካ ትቶታል።